ተሳስቻለሁ ለማለት የሚያስችል አገልግሎት፦ የናሳ የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ማድረጊያ ሥርዓት ሲገመገም

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ስህተት ከሌሎች ሙያዎች ስህተት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ሳያየው የሚያልፍ በመሆኑ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ሊጠበቅ ከሚገባው ርቀት በታች ተቀራርበው ይተላለፋሉ፤ ተሳፋሪዎች አያውቁም፣ አብራሪዎችም ላያውቁ ይችላሉ፣ ከራዳር ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ያውቃል። ያ ሰው ያየውን የሚናገርበት የታመነ ቦታ ካለ ስህተቱ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ከሌለ ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ፈረቃ፣ ዕድል ባልቀናበት ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው እንዲህ ዓይነት ቦታ እንዲሆን ታስቦ የተቋቋመውንና በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም በናሳ የሚተዳደረውን የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ማድረጊያ ሥርዓት ነው፤ የሙያው ሰዎች በምህጻር ኤ.ኤስ.አር.ኤስ ይሉታል። የምመዝነውም በአንድ ጥያቄ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲሳሳት ተጠያቂነቱ ወደሚገባው ሰው ሁሉ እንዲደርስ ያደርጋል ወይስ አያደርግም? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አገልግሎቱ የተቋቋመበት ምክንያት ሊዘነጋ የማይገባው ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ቲ.ደብሊው.ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ 514ኛ በረራ በዋሽንግተን አቅራቢያ ወደሚገኘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እየቀረበ ሳለ፣ ገና ከማኮብኮቢያው 44 ማይል ያህል ርቆ እያለ፣ ለማረፍ እንዲቀርብ ከተቆጣጣሪው ፈቃድ ደረሰው። አብራሪዎቹ ፈቃዱን ወደ 1,800 ጫማ መውረድ እንችላለን ብለው ተረዱት፤ ተቆጣጣሪው በበኩሉ ከመሬት በቂ ከፍታ መጠበቅ የአብራሪው ኃላፊነት ነው ብሎ ያምን ነበር። አውሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተላትሞ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ፈቃድ ተቀብለው፣ በተመሳሳይ መንገድ ተረድተውት፣ ከዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፈው እንደነበር በምርመራው መታወቁ ነው። እነዚያ አብራሪዎች ዝም አላሉም፤ ለድርጅታቸው ተናገሩ፣ ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ከዩናይትድ ግቢ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1975 ሪፖርቶችን ራሱ መቀበል ጀመረ። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚያግደውም፣ የሚቀጣውም ያው መሥሪያ ቤት በመሆኑ ሰው አላመነውም። በ1976 ሥራው ለናሳ ተሰጠ፤ ናሳ ለማንም የአብራሪነት ወይም የተቆጣጣሪነት ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅምም፣ የአየር መንገድም ሆነ የመቆጣጠሪያ ማማ አሠሪ አይደለም። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ከቴክኖሎጂውም ሆነ ከቅጹ በፊት ይህ ነው፤ የሚቀበለው አካል የሚቀጣው አካል አይደለም። ከተቋቋመ ጀምሮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ተቆጣጣሪ፣ አብራሪ፣ የጥገና ባለሙያና የበረራ አስተናጋጅ ለየራሳቸው የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ተቆጣጣሪን ስለ አውሮፕላኑ ሞተር ሳይሆን ስለ ያዘው የሥራ ቦታ፣ ስለ ትራፊኩ ብዛት፣ ስለ ፈረቃ ርክክቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ የላኪው ስምና አድራሻ የሚሰፍርበት ቁራጭ አለ። ሪፖርቱ ሲደርስ ተንታኞች ያነቡታል፤ ያልገባቸው ነገር ካለ ለላኪው ደውለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ ያ ቁራጭ የደረሰበት ቀን ማኅተም ተመትቶበት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ከቀረው ጽሑፍም ማንነትን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ተናጋሪው በእጁ የሚቀረው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለእርሱ መከላከያ፣ ለተቋሙ ደግሞ የመርሳት ዋስትና ነው፤ ናሳ ዘንድ «ይህን ማን ጻፈ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚወጣ ስም የለም። አገልግሎቱ የሪፖርት አቅራቢዎችን ማንነት አሳልፎ ሰጥቶ እንደማያውቅ በይፋ ይናገራል፤ ሰዎች እስካሁን መጻፋቸውን አለማቋረጣቸው ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣውን ቅሬታ በቁም ነገር መውሰድ ይገባል። ሰው ተሳስቶ ቅጽ በመሙላቱ ብቻ ከቅጣት የሚያመልጥ ከሆነ ተጠያቂነት የት አለ? ዝርዝሩን ያየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ልቅ እንዳልሆነ ይረዳል። ከቅጣት የሚያድነው ድንጋጌ የሚሠራው ድርጊቱ ሆን ተብሎ ካልተፈጸመ፣ ወንጀል ወይም አደጋ ካልሆነ፣ የሙያ ብቃት ማነስን ካላሳየ፣ ሰውየው ባለፉት 5 ዓመታት ደንብ በመጣስ ጥፋተኛ ተብሎ ካልነበረና ሪፖርቱ በ10 ቀናት ውስጥ ከተላከ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ጥፋቱ ተመርምሮ በመዝገብ ሊሰፍር ይችላል፤ የሚቀረው የገንዘብ ቅጣቱና የፈቃድ እገዳው ነው። ወንጀልን ወይም አደጋን የሚመለከት ሪፖርት ደግሞ ማንነቱ ሳይሰረዝ ወደሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ይላካል። ይህ አሠራር ስህተትን ከጥፋት፣ ጥፋትን ከወንጀል ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለእኔ ይህ ከተጠያቂነት መሸሽ አይደለም።

የዚህን ተቃራኒ መንገድ፣ ማለትም የወንጀል ችሎትን ማየት ልዩነቱን ያጎላዋል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1976 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ በዛግሬብ ሰማይ ላይ የብሪቲሽ ኤርዌይስና የኢኔክስ አድሪያ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 176 ሰዎች ሞቱ። በተጨናነቀ የአየር ክልል፣ ሰው በጎደለበት ፈረቃ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ተቆጣጣሪዎችና ኃላፊዎች መካከል ክስ የተመሠረተባቸው በርካታ ቢሆኑም የተፈረደበት አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር፤ የሰባት ዓመት እስራት ተበየነበት። የሙያ ባልደረቦቹ ባቀረቡት አቤቱታ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ተፈታ። በጃፓንም ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 አንድ ተለማማጅ ተቆጣጣሪ የሁለት የጃፓን አየር መንገድ በረራዎችን ቁጥር አምታትቶ፣ 958 ለማለት ፈልጎ 907 አለ። 677 ሰዎችን የያዙት ሁለቱ አውሮፕላኖች ለጥቂት ተላለፉ፣ ግጭቱን ለመሸሽ በተደረገው ድንገተኛ እንቅስቃሴም 100 ያህል ሰዎች ተጎዱ። ተለማማጁና ተቆጣጣሪ አሠልጣኙ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተመላልሰው በ2010 የጥፋተኝነት ፍርዳቸው በአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸና።

በጃፓን ሰማይ ላይ ግን ከቁጥር መምታታቱ የባሰ ነገር ታይቶ ነበር። በአውሮፕላን ውስጥ የሚገጠመው የግጭት መከላከያ መሣሪያ፣ ቲካስ፣ «ውጣ» ሲል ተቆጣጣሪው «ውረድ» ቢል አብራሪው ማንን መስማት እንዳለበት በዓለም ደረጃ የማያሻማ ደንብ አልነበረም። ይህ ክፍተት ከ17 ወራት በኋላ በጀርመኗ ኡበርሊንገን አቅራቢያ የ71 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ።

የኡበርሊንገንን ሌሊት ጠጋ ብሎ ማየት፣ «የተቆጣጣሪ ስህተት» የሚለው ሐረግ ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ያሳያል። ጁላይ 1 ቀን 2002 ያን የጀርመን ሰማይ ይቆጣጠር በነበረው በስዊዘርላንዱ የዙሪክ የቁጥጥር ማዕከል ፈረቃው የሁለት ሰው ነበር፤ አንደኛው ዕረፍት ላይ ነበር፣ ይህም በአሠሪው ዘንድ የታወቀና ለዓመታት ዝም የተባለ ልማድ ነው። የቀረው አንድ ሰው ሁለት የሥራ ቦታዎችን ይዞ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። በጥገና ምክንያት ራዳሩ በተጠባባቂ ሁኔታ ይሠራል፣ የግጭት ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ አይታይም፣ ዋናው የስልክ መስመር ተዘግቷል፣ ምትኩም ብልሽት አለበት። ይህ ሁሉ ለሥራው ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ አልተነገረውም። ዘግይቶ የመጣ አንድ አውሮፕላን በፍሪድሪሽስሃፈን ለማረፍ እየጠበቀ ስለነበር ወደዚያ ማረፊያ ለመደወል ደጋግሞ ይሞክራል፣ ስልኩ አይሠራም። በዚያው ሰዓት በጀርመኗ ካርልስሩኸ ያሉ ተቆጣጣሪዎች ሁለቱ አውሮፕላኖች እየተቀራረቡ መሆኑን በራሳቸው ማስጠንቀቂያ አይተው ዙሪክን ሊያስጠነቅቁ ይደውላሉ፤ አልገባላቸውም። የዙሪኩ ተቆጣጣሪ ለግጭቱ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ለሩሲያው ቱፖሌቭ «ውረድ» አለ፤ የቱፖሌቩ ቲካስ «ውጣ»፣ የሌላው አውሮፕላን ቲካስ ደግሞ «ውረድ» ይል ነበር። ሁለቱም ወረዱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ።

ያ ተቆጣጣሪ በ2004 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአደጋው ባጣ አባት እጅ ተገደለ። የዚያ አባት ሐዘን ልብ የሚሰብር ነው፤ ነገር ግን ስልኩን የዘጋው፣ የሌሊቱን ፈረቃ በአንድ ሰው ያስያዘው፣ ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ የፈቀደው የተገደለው ሰው አልነበረም። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2007 ከቁጥጥር ድርጅቱ ኃላፊዎች አራቱን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ያለው፣ ተቆጣጣሪው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ፍርዱ ወደ ኃላፊዎቹ መድረሱ ተገቢ ነበር። ሆኖም ፍርድ ቤት ሥራውን የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ የአንድ ሰው ፈረቃ ልማድ ደግሞ ከአደጋው በፊት በብዙ ሌሊቶች የታየ ነገር ነበር። የሪፖርት አገልግሎት የሚያስፈልገው ለእነዚያ ሌሊቶች ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አባባል በዴንማርክ በቁጥር ታይቷል። አገሪቱ በ2001 የሚናገሩ ተቆጣጣሪዎችን ከቅጣት፣ ሪፖርቶቻቸውን ደግሞ ለሕዝብ ይፋ ከመሆን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። የአገሪቱ የበረራ ቁጥጥር ድርጅት በቀደመው ዓመት 15 ሪፖርቶች ብቻ ደርሰውት ሳለ፣ ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ዓመት 980 ደረሱት። ተቆጣጣሪዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ስድሳ እጥፍ የባሱ ሠራተኞች አልሆኑም፤ ቀድሞም የነበረው መናገር ጀመረ። የናሳው አገልግሎት ከዚህ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ የተከለው ሐሳብ ይኸው ነው፣ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ መረጃ ቋቱ ስንመጣ፣ የላኪው ማንነት የተሰረዘላቸው ሪፖርቶች ለማንም ሰው ክፍት ናቸው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በዓመት፣ በክስተት ዓይነት መፈለግ ይቻላል፣ «ኮልባክ» የተባለ ወርኃዊ መጽሔትም ተመርጠው የወጡ ታሪኮችን ያቀርባል። ጽሑፎቹ በምህጻረ ቃል የታጨቁ ስለሆኑ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው መጀመሪያ ላይ ይቸገራል። ትዕግሥት ላለው አንባቢ ግን ከኦፊሴላዊ የአደጋ ሪፖርት የማይገኝ ነገር ይገኝበታል፤ ተቆጣጣሪው ራሱ በመጀመሪያ መደብ፣ የትኛው አውሮፕላን ከአእምሮው እንደጠፋበት፣ በምን ሰዓት ርክክብ እንደተደረገ፣ ማን ዕረፍት ላይ እንደነበር ይናገራል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪፖርት ማድረግ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ማረፊያ ብዙ ሪፖርት መገኘቱ ቦታው ከሌላው ይልቅ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተጻፈውም በሌላ ወገን ያልተረጋገጠ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። አገልግሎቱ ራሱ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። አገልግሎቱ ከባድ አደጋ የሚጠቁም ሪፖርት ሲደርሰው ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩና ለሚመለከታቸው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ነገር ግን የተላከለት አካል በዚህ ቀን ይህን አድርጌያለሁ ብሎ እንዲመልስ የሚያስገድድበት ኃይል የለውም። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዋሽንግተኑ ሬገን ማረፊያ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላንና የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 67 ሰዎች ሲሞቱ፣ በማማው ውስጥ የሄሊኮፕተሮችና የአውሮፕላኖች የሥራ ቦታዎች ተጣምረው በአንድ ተቆጣጣሪ ተይዘው ነበር። ሕዝቡ ዓይኑን ወዲያውኑ ወደዚያ ሰው አዞረ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በማርች 2025 ይፋ ያደረገው መረጃ ግን፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ባለው ጊዜ በዚያ ማረፊያ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር በጎን ከ1 ኖቲካል ማይል፣ በከፍታ ከ400 ጫማ በታች የተቀራረቡባቸው 15,214 ክስተቶች መመዝገባቸውን አሳየ። ከነዚህ ውስጥ 85ቱ በጎን ከ1,500 ጫማ፣ በከፍታ ከ200 ጫማ በታች ነበሩ። የሄሊኮፕተሩ መስመርና ወደ አንደኛው ማኮብኮቢያ የሚወርደው አውሮፕላን መንገድ በመካከላቸው የነበራቸው ከፍታ በአንዳንድ ሁኔታ 75 ጫማ ብቻ ነበር። በዚህ አገልግሎት የመረጃ ቋት ውስጥም በዚያ ማረፊያ ዙሪያ ስለ ሄሊኮፕተሮች የተማረሩ አብራሪዎች ከአደጋው በፊት የጻፏቸው ሪፖርቶች ነበሩ።

እነዚያ አብራሪዎች የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል፤ አገልግሎቱም ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ አስቀምጧል። ጠያቂ ያጣው ማስጠንቀቂያው እጁ ገብቶ መስመሩን ሳይቀይር የቆየው አካል ነው። እዚህ ላይ ቁጣዬን አልደብቅም። ተቆጣጣሪ ከቅጣት ለመዳን ስህተቱን በ10 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚጠይቅ ሥርዓት፣ ሪፖርቱ ለሚደርሰው ባለሥልጣን የመልስ ቀን ካልቆረጠለት ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣውና ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ የሚሠራበት 376/2014 የተባለው ደንብ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ባለሙያው የግዴታ ሪፖርት የሚደረግበትን ክስተት በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ድርጅቱ ደግሞ የደኅንነት ስጋት ካገኘ የመጀመሪያ ትንተናውን በ30 ቀን፣ የመጨረሻውን በመደበኛነት ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ለአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እንዲያቀርብ ይገደዳል። ከባድ ቸልተኝነትና ሆን ተብሎ የተደረገ ጥሰት ከጥበቃው ውጪ መሆናቸውም በግልጽ ተጽፏል። የናሳው አገልግሎት በሚስጥር ጥበቃ ከአውሮፓው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ በአሠሪው እጅ አያልፍም፤ የቀን ገደቡን ግን ከአውሮፓው ቢወስድ ጎዶሎው ይሞላል።

ለተቆጣጣሪዎች ሌላ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አገልግሎቱ የሚሰጠው ጥበቃ በዋናነት ፈቃድንና የገንዘብ ቅጣትን የሚመለከት ነው፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪ ስለሆነ የሚያስፈራው የአሠሪው የዲሲፕሊን እርምጃ ነው። በአሜሪካ ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2008 ለተቆጣጣሪዎች ብቻ የተዘጋጀና የሠራተኛ ማኅበራቸው የተሳተፈበት፣ አትሳፕ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ተጀምሯል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

በጠቅላላው ግን፣ ሰው ያለ ፍርሃት እንዲናገር በማድረግ ከማውቃቸው የደኅንነት አገልግሎቶች የሚስተካከለው አላገኘሁም፤ የተነገረው ተፈጻሚ እንዲሆን በማድረግ ግን ደካማ ነው፣ ድክመቱም ከናሳ ይልቅ ሕጉን ካወጡት የመጣ ነው። ለመጠቀም የሚያስብ ተቆጣጣሪ በዚያው ፈረቃ፣ ዝርዝሩ ከአእምሮው ሳይጠፋ ቢጽፍ፣ ስለ ራሱ ስህተት ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ስንት የሥራ ቦታ እንደያዘ፣ የትኛው መሣሪያ እንደተበላሸና ማን እንዳወቀ ቢጨምር፣ ማኅተም ተመትቶበት የሚመለሰውን ቁራጭም ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። አሠሪው የሚያዘውን የግዴታ ሪፖርትም ለብቻው ማቅረብ አለበት፤ ወደ ናሳ የተላከው ያንን አይተካም።